ያፌትን የተሸከሙት አርባ ሰዎች

ይቺ ታሪክ አንዲት ጠብታ ውሸት የለባትም። በእናቴ መቃብር እንዳልምል እናቴ አልሞተችም፤ በታቦት እንዳልምል ቄሱ ያውቁኛል። ስለዚህ በሞጆ በሮች ሁሉ እምላለሁ። በክሊኒኩ በር፣ በአውቶቡሱ በር፣ በውሃ ቦኖው በር። ከዋሸሁ ሁሉም አንድ ላይ «ቀጣይ» ይበሉኝ። በዚህ ዘመን ከዚህ የሚከብድ መሐላ አላውቅም።

ሥራዬ አቅላይነት ነው። ዝገት የበላው አሮጌ ኮንቴነር ውስጥ፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ የሰው ገጽ፣ ስሙና ፎቶው ያለበትን መዝገብ፣ አቀልላለሁ። ብጣሽ ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ረጅም ስለነበረ ራሴ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ትምህርት የተውኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱ በር ርዕሰ መምህሩን እንዳያውቃቸው አደረግሁና ሦስት ቀን ሙሉ አጥር ሲዘሉ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን በዚያው አጥር እኔ ተወረወርኩ።

ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል። በር ፊት ትቆማለህ። በሩ ገጽህን ይጠራል። ገጽህ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተከፍቶ ካለቀ ትገባለህ። ካላለቀ በሩ «ቀጣይ» ይላል፤ ከኋላህ ያለው ሰው ትከሻህን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ክፋት የለውም። ትናንት አንተም ገፍተሃል።

ሰው ሲገናኝ እንደ ድሮው «እንደምን ከረምክ፣ ልጆች ደህና፣ ቤቱ ደህና» መባባል ቀርቷል። «ስንት ትከፍታለህ?» ነው የሚባለው። «አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ ተመስገን።» የሁሉም መልስ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ገጽህን ተጨንቀህ አንድ ነጥብ ስድስት ካደረስከው፣ ባዶ ቦታ ያየ ቢሮ በማግስቱ ማህተሙን ያሳርፍበታል። ከሰው ገጽ ዘጠኝ እጁ የቢሮ ማህተም ነው፤ እሱን መንካት ያሳስራል። የሚቆረጠው አሥረኛው እጅ ነው። አሥረኛው እጅ ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው።

በመጀመሪያ ፎቶውን አኮስሳለሁ። የሰው ፊት ወደ አሥራ ስድስት ካሬ ሲወርድ አፍንጫ የሚባለው ነገር ይቀራል፣ ሆኖም በር አፍንጫ አይፈልግም። ቀጥሎ የአያት ስም ይሄዳል። ከዚያ የትምህርት ውጤት፣ ከዚያ ሰርግ። አንድ የሻሸመኔ ሾፌር የሰርጉን ቪዲዮ ስቆርጥለት «ሚዜዎቹን አንሳ፣ ሚስቴን ተዋት» አለኝ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። «አሁን እሷንም» አለ።

የሰፈራችን ልጆች «ቀጣይ» የሚባል ጨዋታ አላቸው። አንዱ በር ይሆናል፣ ሌሎቹ ይሰለፋሉ። ማንም አይገባም። ጨዋታው በቃ ይኸው ነው።

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ የመጡት በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጎረቤቴ ናቸው። ኩላሊታቸው እስኪደክም ድረስ ለሰፈሩ እድር የሐዘን ወጥ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ክሊኒኩ ገብተው ኩላሊታቸው ይታጠባል። ባለፈው ዓርብ በሩ «ቀጣይ» ብሏቸዋል። በዚያ ጠዋትም ደገመው። ነርሷ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ በእጇ ትጠራቸው ነበር። በሩ ግን የነርሷ አይደለም። እግራቸው ከማበጡ የተነሳ የሟች ባላቸውን ነጠላ ጫማ አድርገው ነው ኮንቴነሬ ውስጥ የገቡት።

«ስንት ይላል?» አሉኝ ሳይቀመጡ።

«ሦስት ነጥብ አንድ፣ እትዬ።»

«ቁረጥ።»

ቆረጥኩ። ሰርጋቸው ሄደ። ባላቸው ከነኮታቸው ሄዱ። እድሩ የሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ሄደ፤ እሱ ሲሄድ ትንሽ ሳቁ፣ «ድሮም ሽንኩርት ሸቶ ነበር» ብለው። ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ ቆመ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ያፌት።

ያፌት ልጃቸው ነበር፣ አንድያቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ጅቡቲ መመላለስ ጀመረ። ከአራት ዓመት በፊት ከሚሌ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ። ሬሳው ታሽጎ ስለመጣ እናቱ ፊቱን አላዩትም። የቀረላቸው ከአደጋው አንድ ሰዓት በፊት የላከው የአሥራ አንድ ሰከንድ ድምፅ ነው። «እማ፣ ሚሌ ደርሰናል። በልቻለሁ። ሙቀቱ ሌላ ነው። አታስቢ፣ ደህና ነኝ።» በመሃል የመኪና ጥሩምባ አለበት።

ይህን ድምፅ ከሰርጋቸውና ከባላቸው ጋር በገጻቸው ከታች አስቀምጠውት ነበር፤ ከገጽ ውጭ ማስቀመጫ የለም። በር ከታች ያለውን አይጠራም፤ ሰው ሲጠራው ብቻ ነው የሚነሳው። ባለፈው ሳምንት የገጽ ክብደት ቢሮ «ከታች ያለውም ይመዘናል» አለ። ከዚያ ወዲህ ያፌት በየበሩ ፊት ከእናቱ ጋር ይመዘናል።

ጣቴ ወደሱ ስትሄድ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ከነካህ እኔን አትንካኝ። ዝጋው።»

«እትዬ፣ በዚህ ሁኔታ እኮ አሥር ቀን አይቆዩም።»

«ለሰው ሐዘን ወጥ ስሠራ ኖሬ የሚሞት ሰው መልኩ ይጠፋኛል ብለህ ነው? ዝጋው አልኩህ።»

ወጡ። በዚያች ነጠላ ጫማ መንገዱን ሲያቋርጡ አየኋቸው። እኔ ደግሞ ሰው ሲያሳዝነኝ አርፌ መቀመጥ አላውቅበትም፤ አንድ ተንኮል ካላሰብኩ ያመኛል። ያሰብኩትን ይዤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ።

«አንተ የእድራችን አባል አይደለህም» አሉኝ በር ላይ። እውነት ነው። የእድር ድንኳን ተሸክሜም፣ ሬሳ ተሸክሜም አላውቅም።

«አይደለሁም ጋሽ ቱሉ። ግን ያለ እትዬ ዘነቡ አባሎቹ ስንት ናችሁ?»

«አርባ።»

«ያፌት የእትዬ ዘነቡን ገጽ የሚያከብደው በዜሮ ነጥብ አራት ሰከንድ ነው። ለአንድ ሰው አይቻልም፤ ሁላችንም አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነን። ለአርባ ከተበጣጠሰ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሰከንድ መቶኛ ነው። ዝንብ ነው። በር ዝንብ አይቆጥርም።»

ጋሽ ቱሉ በሩን ለቀቁልኝ። ከዚያ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ። በሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ የማስታውሳት ብቸኛ ነገር እሷ ነበረች።

እድሩ በማግስቱ ጠዋት ተሰበሰበ። ነገሩን ሁሉም በአንድ ቃል ተቀበሉት። ችግሩ የመጣው ስንከፋፈል ነው።

«‹እማ› የምትለዋ የእኔ ናት» አለች አስካለ፣ ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጠዋ። «ልጁን ከልጄ ጋር ግራና ቀኝ አድርጌ አጥብቼዋለሁ።»

«ቀድመሽ ብትጮኺ ነው እንጂ እኔም ትከሻዬ ላይ ነው ያደገው» አለ ደጀኔ። ደጀኔ ጎሚስታ ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ የደረሰችውን ቁራጭ ሰማና ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄ ምንድነው? ጥሩምባ ነው እንዴ የሰጣችሁኝ? የልጁ ድምፅ የለበትም እኮ!»

«ደጀኔ» አሉ ጋሽ ቱሉ፣ «ሬሳ ስንሸከም በእግር በኩል የያዘ በራስ በኩል ከያዘው አነስኩ ብሎ ያውቃል?»

«በእግር በኩል እግር አለ ጋሽ ቱሉ! ጥሩምባ ምን አለው? ከማን አንሼ ነው የሰው መኪና ጥሩምባ የምሸከመው?»

ትንፋሽ ብቻ የደረሳት ሴት ማልቀስ ጀመረች። «ሙቀቱ» ከሚለው ላይ «ቀ» የደረሰው ሽማግሌ ቅያሪ ጠየቀ። የእድር ሰው ነውና ማንም ከማንም ያነሰ መሸከም አይፈልግም። ፀሐዩ ከረረ። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ፤ የሚሰለቸኝ ሰው መሆኔ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የያፌትን አሥራ ስድስት ካሬ ፊትና ስሙን ለጠፍኩበት።

«ይኸው!» አልኳቸው። «አሁን ጥሩምባውም ያፌት ነው፣ ትንፋሹም ያፌት ነው። ማንም አላነሰም።»

ደጀኔ ስልኩን አየ። ፊት የሌለውን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «አሁን ገና» አለ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ዘነቡ ክሊኒኩ በር ፊት ቆሙ። አርባው ሰው ከኋላቸው ቆመ። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። በሩ ተከፈተ። እልልታው እስከ ባቡር ጣቢያው ተሰማ፤ አስካለ ጎመኗን በትና ግንባሬን ሳመችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ጽዳት ነው። የክብደት ቢሮው በየሳምንቱ ቅዳሜ በከተማው ገጾች ላይ ይዞራል፤ በሁለት ቦታ የተቀመጠ አንድ ዓይነት ነገር ሲያገኝ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያነሳል። በዚያ ቅዳሜ አንድ ፊትና አንድ ስም የተለጠፈባቸው አርባ ገጾች አገኘ። አርባ ጊዜ የተደገመ አንድ ሰው መሰለው። አጠፋቸውና አንድ ገጽ አደረጋቸው፤ በስሙ ባለቤት፣ በያፌት ስም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቱሉ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሄዱ። በሩ በግማሽ ሰከንድ መለሰላቸው። «ነፍስ ይማር። ቀጣይ።»

ጋሽ ቱሉ ሳቁ። በቀጥታ ወደ ኮንቴነሬ መጡ። «በል ብጣሽ፣ ስቀናል። ጥሩ ቀልድ ነው። አሁን መልሰው።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይላል እንዴ! በሩን ነዋ!»

ሳያምኑኝ ሌሎቹ መጡ። አስካለ ባዶ ጀሪካን ይዛ ከቦኖው መጣች። «‹ነፍስ ይማር› አለኝ። በአፉ! ለእኔ! አንተ ባለጌ፣ እንዲህ ይቀለዳል?» ደጀኔ መጣ። ሁሉም እየሳቀ ነው የመጣው፤ ሁሉም የእኔ ተንኮል መስሎታል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያምነኝ ስደክም ኖሬ በዚያ ቀን ተሳካልኝ። ሳቃቸው አንድ በአንድ ሲጠፋ እዚያው ተቀምጬ ተመለከትኩ።

ማክሰኞ ከአርባዎቹ አንዷ፣ ትንፋሹ የደረሳት ሴት፣ ምጥ ይዟት ክሊኒኩ በር ላይ «ነፍስ ይማር» ተባለች። እኔ ኮንቴነር ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፤ ግን ከሞተ ሰው ለተወለደ ልጅ ገጽ አይከፈትም።

ረቡዕ ክብደት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ ትሁት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«አርባ ገጽ ወደ አንድ!» አለ። «በዞኑ ታይቶ አይታወቅም። የምስክር ወረቀት ወጥቶልሃል።»

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ እኮ በሕይወት አሉ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ፣ አልተከራከረም። «ቅዳሜ ውህደቱ ይጸድቃል። ከዚያ በፊት መለየት ይቻላል።»

«እንዴት?»

«አንድ ያደረጋቸው ነገር ከአርባውም ላይ ይጠፋል። መለያው ብቻ አይደለም፣ ቁርጥራጩም። የሞተ ሰው በሕያው ገጽ ላይ አይጫንም፣ ደንብ ነው። ወራሽ ካለው የወራሹ አውራ ጣት ያስፈልጋል። እናት አለችው?»

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ገጼን ባየው የምስክር ወረቀቱ ማህተም ሆኖ አርፎበታል። እሱን ለማስገባት የእናቴን ስም ቆረጥኩ።

ለእድሩ ነገርኳቸው። ድንኳኑን ከመጋዘን አውጥተው በእድሩ ግቢ ተክለውት ነበር። ማን እንደሞተ ሳይናገሩ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ውሃ የለም፣ ዳቦ የለም።

«እንንገራቸው» አልኩ።

«ማንም አይነግራትም» አሉ ጋሽ ቱሉ። «ሰው ልጁን ሁለቴ ቅበር አይባልም። የእድሩ ደንብ ነው።»

«እንዲህ የሚል ደንብ አለ?»

«አሁን አወጣሁት።»

አስካለ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። «እኔ ‹እማ›ን አልመልስም» አለች። ማንም አልጠየቃትም።

እትዬ ዘነቡ ግን ከጎረቤት ነገር የሚሰወርባቸው ሰው አይደሉም። ቦኖው የሚከፈትለት የሰፈራችን ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ሐሙስ ጠዋት አወቁ። ምንም ሳይጠይቁ ጀሪካን አነሱ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ፣ ዓርብ ደግሞ ከእጥበት መልስ፣ ለአርባ ሰው ውሃ ሲያመላልሱ ዋሉ። ልርዳቸው ብል «አንተ በእጅህ ምንም አትንካ» አሉኝ። ዓርብ ወደ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጀሪካን ድንኳኑ በር ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ብጣሽ።»

«አቤት እትዬ።»

«ጣቴን የት ላይ ነው የማሳርፈው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ቱሉ ሊናገሩ ተነሱ። እትዬ ዘነቡ በእጃቸው አስቀመጧቸው። «መጀመሪያ ግን ልስማው» አሉ።

ድምፁ በአርባ ስልክ ተበታትኗል። ስለዚህ አርባው ሰው በደረሰው ቁራጭ ተራ ተሰለፈ፣ ከድንኳኑ እስከ ኮንቴነሬ ደፍ። ብዙ ሰልፍ አይቻለሁ፣ ኑሮዬ ከሰልፍ ፊት ለፊት ነው። «ቀጣይ» የሚል የሌለበት ሰልፍ ያየሁት ያንን ብቻ ነው። እትዬ ዘነቡ ከሰልፉ ራስ ጀምረው በእያንዳንዱ ሰው ፊት እየቆሙ፣ እያንዳንዱ ስልኩን ወደ ጆሯቸው እያስጠጋ፣ እየነካ፣ ሄዱ።

አስካለ ሁለቴ ነካችው። «እማ። እማ።» ያፌት በዚያ መልእክት እናቱን አንድ ጊዜ ነበር የጠራት፤ በዚያ ቀን ሁለት ሆነ። «ሚ» ከአንድ ሰው፣ «ሌ» ከሌላ ሰው መጣ። «በልቻለሁ» ስድስት ሰው ፈጀ። ደጀኔ ጥሩምባውን አሰማቸውና ፊቱን ወደ አጥሩ ቆርቆሮ አዞረ። «ደህና» ጋሽ ቱሉ ጋ ነበረች። «ነኝ» የመጨረሻው ሰው ጋ። አሥራ አንዱ ሰከንድ ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። በዚያ ፍጥነት ለሚከፈት ገጽ አንድም በር አይከፈትም።

ከዚያ ኮንቴነሬ ውስጥ ገቡ። ከማያ ገጼ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አንተ ሌባ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«ነኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ስረቅልኝ።»

አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። እኔም ሰረቅሁላቸው። አርባው ቁራጭ ከመጥፋቱ በፊት ከኋላ ሰብስቤ፣ ገጥሜ፣ በራሴ ገጽ ከታች ደበቅሁት። ጥሩምባውም፣ ትንፋሹም አልጎደለም። ሌላ ማንም ላይ ስለሌለ ጽዳቱ አይዛመድለትም፣ አይነካውም። ያቺ የእትዬ ዘነቡ ሁለት ነጥብ ሦስት አሁን የእኔ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰው ከሞት ተነሳ። ቦኖው ተከፈተ፣ አውቶቡሱ ተከፈተ፣ ሕፃኗ ገጽ ወጣላት። እልል ያለ የለም። ያፌት ከገጻቸው በወጣበት ቀዳዳ በማግስቱ አዲስ ማህተም አርፎበታል፤ «ተጣርቷል» ይላል። ሁሉም አንድ ነጥብ ዘጠኝ ናቸው። አስካለ ጎመን ስትሸጥልኝ አታናግረኝም። እድሩ ድንኳኑን አጥፎ መጋዘን መልሶታል። ሰው ሲሞት አሁን ማን በየት በኩል እንደሚይዝ ማንም አይከራከርም፤ ማንም ስለማይመጣ።

እኔን ደግሞ በር አይከፍትልኝም። ማክሰኞ ማክሰኞ ቢሾፍቱ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ በአውቶቡሱ አጠገብ አልፌ በእግሬ ነው የምጓዘው። እትዬ ዘነቡ በዚያ ሰዓት ከእጥበት ይወጣሉ። ከክሊኒኩ ደረጃ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ ቀስ ብለው መንገዱን ይሻገራሉ።

«ልጄ ደህና ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው እትዬ። ይከብዳል እንጂ።»

«ይክበድ» ይላሉ። እንዳሰማቸው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ቢሮው እንዳይነቃ ይፈራሉ። እጄን ጨበጥ አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ እግራቸው አሁን በራሳቸው ጫማ ይገባል።

ስጀምር በበር ሁሉ ምያለሁና ሳልጨርስ አንዲት ነገር ላርም። ከነገርኳችሁ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ጣቴ ቁርጥራጮቹ ላይ ደርሳ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ሁለት ነጥብ ሦስት የሆነ ሰው እንዴት ውሃ እንደሚጠጣ አሰብኩ። ያሰብኩት ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ማጥፋት ግን እንደ መክፈት አይደለም፣ አይጫንም፣ አይጠብቅም፤ አርባውም ጠፉ።

ገጼ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው። የአውቶቡሱ በር ማክሰኞ ማክሰኞ ገና ሳልደርስ ይከፈትልኛል። እትዬ ዘነቡ ደረጃው ላይ ስለሚሆኑ፣ እንዳላየ አልፌው በእግሬ እሄዳለሁ።